ዘንበል ያለው ጥያቄ

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

ዛሬ ማይኩ ያዘጋጀውን በራሪ ወረቀት አንብቤ ቆሽቴ አረረ። ማይኩ የተቋማችን የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነው፤ ይህን ስም ያወጣንለት ፊቱ ሰው ባይኖርም ስለሚናገር ነው። «የተፋቀሩ ሁለት ብርሃኖች፦ አንዱ ሲነካ ሌላው ይሰማዋል» ብሎ ጽፏል። ከላዩ ልብ ሥሎበታል። ቀይ ልብ።

«ይሄ ውሸት ነው» አልኩት።

«እትዬ፣ ውሸት አይደለም፤ ማቅለል ነው።»

«አቅልለኸው አቅልለኸው ነፋስ ወሰደው።»

«ታዲያ አንቺ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሪኝና እሱን ልጻፍ።»

በአንድ ዓረፍተ ነገር አልቻልኩም። ሳቀብኝ። ያናደደኝ ልቡ ሳይሆን ይሄ ነው። እንግዲህ እዚህ ልጻፈው፣ ማንም አይስቅብኝም።

ከጠረጴዛችን አንድ ጫፍ ሐምራዊ የሌዘር ጨረር ይነሳል። መንገዱ ላይ ተጣብቀው የቆሙ ሁለት ስስ ክሪስታሎች አሉ። እጅግ ብዙ ፎቶኖች፣ ማለት የብርሃን ቅንጣቶች፣ እንዲሁ ያልፏቸዋል። አልፎ አልፎ ግን አንዱ ክሪስታሉ ውስጥ ለሁለት ይከፈልና ሁለት ደካማ ቀይ ፎቶኖች ይወለዳሉ። ከመጀመሪያው ክሪስታል የሚወለዱት ሁለቱም የቆሙ ናቸው፤ ከሁለተኛው የሚወለዱት ሁለቱም የተኙ። መቆምና መተኛት የምንለው ብርሃኑ የሚወዛወዝበትን አቅጣጫ ነው። አሁን ዋናው ነገር፦ ጥንዱ ከየትኛው ክሪስታል እንደተወለደ ማንም በምንም መንገድ ማወቅ ካልቻለ፣ የወጣበት ቅጽበት እንኳ ካላሳበቀበት፣ ያ ጥንድ ቆሟል ወይም ተኝቷል አይባልም። ሁለቱንም በአንድ ላይ ነው። ስንለካው ብቻ አንዱን ይመርጣል፤ ወንድሙም፣ የቱንም ያህል ይራቅ፣ ያንኑ ሆኖ ይገኛል። ጥልፍልፍ የምንለው ይሄ ነው። ፍቅር የለበትም።

«እንደ ጓንት ነዋ» ይለኛል ሁሉም ሰው። አንዱን ጓንት እዚህ፣ አንዱን እዚያ ልከህ፣ ይሄኛው የቀኝ ከሆነ ያኛው የግራ ነው። አይደለም። ጓንቱ ከመጀመሪያውም የቀኝ ነበር። ልዩነቱ የሚታወቀው ሁለት ዓይነት ጥያቄ ሲጠየቅ ነው። ቀጥ ያለው ጥያቄ «ቆመሃል ወይስ ተኝተሃል?» የሚል ነው። ይህን ጓንትም ያልፈዋል። ከዚያ ብርሃኑ የሚያልፍባቸውን ማጣሪያዎች አዘንብለን ዘንበል ያለውን እንጠይቃለን፦ «ወደ ቀኝ ዘመህ ወይስ ወደ ግራ?» ጓንት እዚህ ላይ ያበቃለታል፤ መልሱ የሳንቲም ውርወራ ይሆናል። የተጠላለፉ ፎቶኖች ግን እዚህም ይስማማሉ። ሁለቱንም ሳይጠይቅ ጥልፍልፍ አለኝ የሚል ሰው ወይ አላዋቂ ነው ወይ ሌባ።

ይህን በራሪ ወረቀት ላይ ማን ይጽፈዋል።

እሑድ፣ ሰኔ 8

ታናሽ እህቴ ለምሳ መጣች። የፍርድ ቤቱ የምስክሮች ጥበቃ ክፍል ውስጥ ነው የምትሠራው። አለቆቿን አሳምና የእኛን የምስጢር መላኪያ መስመር እንዲወስዱ ያደረገችው እሷ ናት። ብርሃኑን የሚያደርሰው ገመድ፣ ፋይበሩ፣ ከላብራቶሪያችን ወጥቶ በመንገዶቹ ሥር አንዱ ወደ ፍርድ ቤቱ፣ አንዱ ወደ እነሱ ቢሮ ይሄዳል። ከእያንዳንዱ ጥንድ አንድ አንድ ፎቶን ይደርሳቸዋል፤ ከመልሶቹም ሁለቱ ብቻ የሚያውቁት የምስጢር ቁልፍ ያወጣሉ።

«እኔ የሚገባኝ አንድ ነገር ነው» አለች ሽንኩርት እየከተፈች። «ሰው ከመሀል ቢሰማን እናውቃለን ወይስ አናውቅም?»

«ታውቃላችሁ። ሊሰማ የፈለገ ፎቶኑን መያዝ አለበት። ሲይዘው ደግሞ ያስመርጠዋል፤ ጥልፍልፉ ያኔውኑ ይፈታል። ቀጥ ያለው ጥያቄ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል። ዘንበል ያለው ላይ ግን መልሱ ይበላሻል። ያን አይተን መስመሩን እንዘጋለን።»

«ዘንበል ያለው ባይጠየቅስ?»

«ያኔማ ግድግዳም ጆሮ አለው ነው።»

ሳቀች። ከዚያ ስለ አንዲት ሴት አወራችኝ። ስሟን አልነገረችኝም። በመስኮቷ ግድያ አይታለች፤ ገዳዮቹ የሚፈሩ ሰዎች ናቸው፤ ሁለት ልጆች አሏት። ችሎቱ እስኪደርስ ከቤት ቤት ያዘዋውሯታል።

«ባለፈው ዓመት የአንዱ ምስክር አድራሻ ወጣ» አለች። «በየት እንደወጣ እስካሁን አልታወቀም።»

«ሰውዬውስ?»

ሽንኩርቱን መክተፏን ቀጠለች።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

በጥድፊያ። ፎቶ አንሺ መጣ፣ ማይኩ ይዞት። ጠረጴዛው ይወልወል፣ መብራት ይምጣ፣ እናንተ ነጭ ልበሱ። የሠርግ ፎቶ መሰላቸው። ማካካሻዋ ክሪስታል «ታብረቀርቃለች፣ ትነሳልኝ» አለ ፎቶ አንሺው። ለሱ የምታብረቀርቅ ነገር ናት። ቀድሞ የሚወጣውን ጥንድ አዘግይታ ሁለቱን እኩል የምታደርገው፣ የልደታቸውን ቅጽበት የምትደብቀው እሷ ናት። መቃ ከቦታዋ ነቅሎ አነሳት። መቃ ባልደረባዬ ነው፤ ቁመቱና ቅጥነቱ ነው ስሙን ያመጣበት። በመስተዋት ማስተካከል እንደሱ ያለ እጅ አላየሁም። ሲያስል ነበር፤ ትኩስ ነገር ፍለጋ ወጣ። ዳይሬክተሩ ስብሰባ እየጠራኝ። ሁሉን ቦታ ቦታው መልሼ ሮጥኩ።

ፎቶው ላይ ማይኩ ነክቶት የማያውቀውን መሣሪያ እየጠቆመ ይስቃል።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17

ዝናቡ ቤት ሊያፈርስ ነው የመጣው። ቀጥ ያለው ጥያቄ ከመቶ ዘጠና ስምንት ይስማማል። ዘንበል ያለው ሃምሳ። ሳንቲም ውርወራ። ሁሉም «ዝናቡ ነው» አለ፤ ፋይበሩ ሥር ውሃ ገብቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ብርሃኑን እያጣመመው ነው።

መቃ ብቻ «አለቃ፣ ዝናብ አይመስለኝም» አለ። «ፋይበሩ ቢያጣምመው ቀጥ ያለውም አብሮ ይንገዳገድ ነበር። ጠረጴዛው ላይ እንየው እስቲ።»

«ጠረጴዛውን ተወው። ጠረጴዛው ደህና ነው።»

«ብቻ አንድ ጊዜ...»

«መቃ፣ በእናትህ!»

ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ሲከራከር የሚያናድደኝን ያህል ዝም ሲልም ያናድደኛል። ሳሉም አልለቀቀውም። ሐኪም ቤት ሂድ ብዬው ነበር፤ ይሄዳል ብለህ ነው!

ዓርብ፣ ሰኔ 20

ስብሰባ። ለመስመሩ ምርቃት ቀን ተቆርጦለታል፤ እንግዶች ተጠርተዋል። ዳይሬክተሩ «ዝናቡ እስኪያልፍ ዘንበል ያለውን ምርመራ እናጥፋው» አሉ። የማያልፉት ፈተና ሲመጣ ፈተናውን መሰረዝ!

«ልጄ፣ ቀጥ ያለው ዘጠና ስምንት ነው። ዘጠና ስምንት ያመጣ ተማሪ ይወድቃል እንዴ?»

«ጓንትም ዘጠና ስምንት ያመጣል፣ ፕሮፌሰር።»

«የምን ጓንት?»

የምን ጓንት ይሉኛል! የጓንቱን ነገር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጠመኔ በእጃቸው፣ ኮታቸው ነጭ ሆኖ፣ «ሁለተኛውን ጥያቄ ያልጠየቀ ምንም አልጠየቀም» ብለው ሰሌዳውን ሲደበድቡት ፊት ለፊት ተቀምጬ ነበር። እንደሳቸው መሆን ነበር የምመኘው።

«ለማሳያ ብቻ ነው» አሉ በመጨረሻ። «እውነተኛ ነገር አይላክበትም።»

እሺ አልኩ። ለማሳያ ብቻ ስላሉ ነው እሺ ያልኩት። እዚህ ይመዝገብልኝ።

ሰኞ፣ ሰኔ 30

ተመረቀ። ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ፣ ተጨበጨበ። አረንጓዴ ይሁን ካሉት አረንጓዴ የማይሆን ነገር የለም። ማይኩ ስለ ፍቅር ተናገረ። አንዱ እንግዳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እና ፎቶኖቹ የት ናቸው?» አለኝ። ከጭብጨባው በኋላ ያለኝን ጉልበት ሁሉ ላለመመለስ አዋልኩት።

መቃ አልመጣም። አሞት ነው ብለዋል። እንዲህ ያለውን አለማየት ይሻለዋል።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እህቴ ስለ ሌላ ነገር ደውላ፣ ስትጨርስ እንደ ዋዛ፦

«መስመራችሁ እኮ ግሩም ነው! ከምርቃቱ ማግስት ጀምሮ አድራሻዎቹን ሁሉ በሱ ነው የምንልከው። ወረቀቱን አቃጠልነው፣ ተገላገልን።»

ምን እንዳልኳት አላስታውስም። መልካም ነው ያልኩ ይመስለኛል። ልነግራት ይገባ ነበር፤ ግን ምን ብዬ? መጀመሪያ ላጣራ አልኩ።

በቀጥታ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ። ጸሐፊያቸው «ሰው አለ» ስትል ሰምቼ እንዳልሰማሁ አለፍኩ።

«ለማሳያ ብቻ ብለውኝ ነበር።»

«እነሱ ናቸው እንጀምር ያሉት። ምን ልበላቸው? አይሠራም ልበል?»

«አዎ! አይሠራም!»

«ልጄ፣ በዚህ ዝናብ ማን ጉድጓድ ወርዶ ገመድ ይጠልፋል?»

እንግዳቸው ሳቀ። በሩን ሳልዘጋው ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

ፋይበሩን ነቅዬ ሁለቱን የፎቶን ቆጣሪዎች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ዝናብ የለ፣ መንገድ የለ፣ ገመድ የለ። ቀጥ ያለው ዘጠና ስምንት። ዘንበል ያለው ሃምሳ።

ጠረጴዛው ነው።

ማካካሻዋን አየኋት። ጫፏ ላይ ያለችው የቀለም ነጥብ ወደ ላይ መሆን ሲገባት ወደ ጎን ናት። ሩብ ዙር ዞራ ነው የተቀመጠችው። እንዲህ ስትሆን የዘገየውን ጥንድ ጭራሽ ታዘገየዋለች። ልዩነቱን በማጥፋት ፈንታ እጥፍ አድርጋዋለች። እያንዳንዱ ጥንድ የተወለደበትን ክሪስታል ጮሆ እየተናገረ ነበር የሚወጣው። ጥልፍልፍ የለም። ከፎቶው ቀን ጀምሮ ከዚህ ላብራቶሪ የወጣው ጓንት ነው።

መቃ ላይ ጮህኩ። ኮሪደሩ ሁሉ ሰማ።

«አንተ ነህ ያነሳሃት!»

«አዎ» አለ። «ያነሳኋትስ እኔ ነኝ።»

ካፖርቱን ለብሶ፣ አንገቱን በሻርፑ ጠምጥሞ ወጣ። ማን መለሳት የሚለውን አሁን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም። ዋናው ችግር እሱ አይደለም።

አዞርኳት። ዘንበል ያለው ወዲያው ዘጠና ስድስት ሆነ። በሁለት ጣት። ይህን ሁሉ ሳምንት በሁለት ጣት ይስተካከል ነበር።

ዓርብ፣ ሐምሌ 11

ዳይሬክተሩ ደስ አላቸው። አቀፉኝ ማለት ይቻላል።

«ተስተካከለ አይደል? ምርመራውን መልሺው፤ አለቀ።»

«እስካሁን የተላከውስ?»

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ደግሞስ ማንም አልሰማም።»

«በምን አወቁ?»

«ቢሰማ ኖሮ ምልክት እናይ ነበራ።»

«ምልክቱን የሚያሳየውን እኮ ነው ያጠፋነው!»

ተነስተው በሩን ዘጉት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ፍርድ ቤቱ ይህን ከሰማ ውሉ እንደሚፈርስ፣ ላብራቶሪው እንደሚዘጋ፣ የስንት ሰው ጉሮሮ እንደሚዘጋ ነገሩኝ። ጥያቄ ከተነሳም ማካካሻዋን ያነሳው ሰው ይታወቃል አሉ። «አንቺን ማንም አይነካሽም።» እንደ ስጦታ ነው የሰጡኝ።

እኔም ዝም ብዬ ወጣሁ። ዝም ብዬ! ትናንት መልሼ የሰካሁትን መስመር ግን ከላብራቶሪው ከመውጣቴ በፊት ነቅዬዋለሁ፤ መሰኪያው ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

እሑድ፣ ሐምሌ 13

ለእህቴ ነገርኳት። ቤቷ ሄጄ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ በሩ ላይ ቆሜ። ስለ ክሪስታሉም፣ ስላጠፋነው ምርመራም። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ።

«መቼ አወቅሽ?»

«እንደጀመራችሁበት የሰማሁት ረቡዕ ነው።»

«ዛሬ እሑድ ነው።»

«ላጣራ ብዬ...»

«ሁለት ልጆች አሏት አላልኩሽም? አላልኩሽም ወይ? አራት ሌሊት እዚያ ቤት አድረዋል! አንቺ ጠረጴዛሽን ስታጣሪ እነሱ እዚያ ተኝተዋል!»

«ጥፋቱ የዳይሬክተሩ ነው፤ ለማሳያ ብቻ ብለውኝ ነበር...»

«ዳይሬክተሩ እህቴ አይደሉም።»

ስልኳን አንስታ ወደ ውስጥ ገባች። አለቃዋን ስታናግር ሰማኋት። ድምፅዋ የቢሮ ድምፅ ነበር፣ የተስተካከለ። «መስመሩን አምጥቼ ያስገባሁት እኔ ነኝ» ስትል ሰማሁ። ቁጭ በይ ስላላለችኝ ቆሜ ቆይቼ ሄድኩ።

የተናደድኩት በእሷም ነው። ለምን እንደሆነ እንጃ። እውነቷን ስለሆነ ይሆናል።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15

ቁልፍሽን አስረክቢ ተባልኩ። ማይኩ ነው የተቀበለኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚናገረው አጣ።

መቃ ከበሩ ውጭ ቆሞ ነበር፣ ጥላ የለውም፣ ዝናቡ እየወረደበት። ስለ ክሪስታሉ ጥፋት የተጻፈውን ሪፖርት አይቶታል፤ ስሙ ብቻውን አለበት።

«ሻይ ትጠጫለሽ?» አለኝ።

«አይ» አልኩት። ከሱ ሌላ ማንም እንዲህ ብሎ የሚጠይቀኝ የለም፤ አይ አልኩት። ከዚያ ወደ ግቢ ተመልሼ ሪፖርቱን ለያዘችው ለጸሐፊዋ የእኔን ስም ጨምሪ አልኳት። ያለ ዳይሬክተሩ ፈቃድ አልችልም አለች። በእስክሪብቶ ራሴ ጨመርኩት።

አመሻሽ ላይ እህቴ ደወለች። ድምፅዋ አሁንም የቢሮ ነው። ሊያዛውሯት ቢሄዱ ምስክሯ አልንቀሳቀስም ብላለች። «ሰምተዋል?» ብላ ጠይቃቸው «አናውቅም» አሏት። «እንግዲያው ስታውቁ ንገሩኝ። ልጄ ገና አሁን ጓደኛ አገኘች» ብላ በሩን ዘጋችባቸው። ዳይሬክተሩ ደግሞ ለእህቴ አለቆች ደውለው ምንም የሚያሰጋ ነገር የለም ብለዋቸዋል።

«የምታስረዳት ሰው ትምጣ ተብሏል» አለች። «ሌላ ሰው ባገኝ አንቺን አልጠራም ነበር።»

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17

መስኮት የሌለው ክፍል፣ ሦስት የፕላስቲክ ወንበር። እህቴ በሩ አጠገብ ቆማለች፣ እኔን አታየኝም። ሴትየዋ በእኔ ዕድሜ ናት። ጥላዋን ጉልበቷ ላይ አጋድማ ይዛዋለች፤ ውሃው ቀሚሷ ላይ ይንጠባጠባል፣ ግድ አልሰጣትም።

«የመብራቷ ሰው አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ሰምተዋል ወይስ አልሰሙም?»

«አላውቅም።»

«ማን ነው የሚያውቀው?»

«የሰሙት ብቻ፣ ከሰሙ። እኛ ማወቂያውን አጥፍተነው ነበር።»

«አለቃሽ ስጋት የለም ብሏል አሉ።»

«ሳያውቁ ነው የተናገሩት።»

ስለ ክሪስታሎቹ ጀመርኩ። ስለ ቀጥ ያለው ጥያቄ፣ ስለ ዘንበል ያለው። ሁልጊዜ እንደማደርገው እጆቼን አነሳሁ፣ አንዱን ቀጥ፣ አንዱን ዘንበል። እጇን አንስታ አስቆመችኝ።

«ተዪው፣ እህቴ። ይሄ ለእኔ አይሆነኝም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። አንቺ ብትሆኚ ልጆችሽን ይዘሽ ዛሬ እዚያ ቤት ታድሪያለሽ?»

«አላድርም። ለአንዲት ሌሊትም።»

ፊቴን አየችው። ከዚያ በኋላ የተናገረችው ይሄ ነው፣ እንዳለችው ነው የምጽፈው፦

«ቤት በቀየሩኝ ቁጥር የሚመጣው ሁሉ አይዞሽ ነው የሚለኝ። አትስጊ ነው የሚለኝ። ስጊ ያለኝ ሰው ዛሬ ገና አየሁ።»

ወደ እህቴ ዞረች። «መኪናው ይምጣ። ትልቋ ታለቅሳለች፤ ታልቅስ። እመሰክራለሁ። ቀኑን ግን እንዳታሸጋሽጉብኝ፣ ሁለተኛ አቅም የለኝም።»

ከወጣች በኋላ እህቴና እኔ ክፍሉ ውስጥ ቀረን። የምትናገረውን ሁሉ ለመስማት ተዘጋጅቼ ነበር።

«ነይ» አለችኝ። «ዕቃ የሚሸከም ሰው ያንሰናል።»

የነበሩበት ቤት ሄደን ፍራሾቹን በደረጃው አወረድን፣ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ዝናቡ አላቆመም። ትልቋ ልጅ በእርግጥ አለቀሰች፤ ትንሹ የድስቱን ክዳን ይዞ መኪናው ውስጥ ቀድሞ ገባ። የመጨረሻውን ሻንጣ ሳቀብል እህቴ «እስከዚህ ነው» አለችኝ። ገባኝ። ወዴት እንደሚሄዱ አልጠየቅሁም።

ሞተሩ ሲነሳ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፣ በየት በኩል እንደታጠፉ እንዳላይ።